የዝይ ሞራ በማሟያ ይቀንሳል? ቤታይን፣ ካርኒቲን፣ ቫይታሚን ኢ፣ ተልባ

#1 ነጭ_ላባ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ለሥጋ ስለሚደልቡ ዝዮች ነው። ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ እርድ (13ኛው ሳምንት) የሚበሉት መኖ በ100 ኪሎ ይህን ይመስላል፦ በቆሎ 72፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 14፣ የስንዴ ፉርሽካ 5፣ የአኩሪ አተር ዘይት 5፤ ቀሪው 4 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ዲካልሲየም ፎስፌት፣ ጨውና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። ሲታረዱ የሆዱ ሞራ እፍኝ ሙሉ ይወጣል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ወፍራም ነው፣ የደረቱ ሥጋ ግን ስስ ነው። በዚያ ላይ ፍሪዘር ውስጥ 2 ወር የቆየው ሥጋ ሲበስል የቆየ ዘይት ይሸታል።

የመኖ ሻጮች የሚያቀርቡት ቤታይን፣ ኤል-ካርኒቲን፣ ቫይታሚን ኢ ከሴሊኒየም ጋር እና ተልባ ነው። የቱ ለየትኛው ችግር ነው? መጠኑስ ስንት? አንድ ላይ ቢደባለቁ ችግር አለው?

#2 መኖ_ቀማሚ

ማሟያ ከመግዛትዎ በፊት መኖውን እንቁጠረው።

ጉልበቱን ሲያሰሉት (በቆሎ በኪሎ 3,350 ኪሎካሎሪ፣ ፋጉሎው 2,230፣ ፉርሽካው 1,300፣ ዘይቱ 8,800 ብለን ከያዝን) በኪሎ መኖ ወደ 3,230 ኪሎካሎሪ ይመጣል። ፕሮቲኑ 13 በመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 ያወጣው ሠንጠረዥ ከ4 ሳምንት በላይ ላለ ዝይ 3,000 ኪሎካሎሪና 15 በመቶ ፕሮቲን ይላል። ጉልበቱን ለፕሮቲን ሲያካፍሉት ሠንጠረዡ 200 ላይ ይቆማል፣ የእርስዎ 248 ነው። ወፏ ፕሮቲን ፍለጋ ስትበላ የማትፈልገውን ጉልበት አብራ ትውጣለች፤ እሱ ደግሞ ሞራ ከመሆን በቀር መሄጃ የለውም።

የባሰው ላይሲኑ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) ነው። በዚህ ቅይጥ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚፈለገው 0.85። ላይሲን ሲጎድል የደረት ጡንቻ አይገነባም። በመኖው ውስጥ ያሉት ሌሎች አሚኖ አሲዶች ያለ ላይሲን ብቻቸውን ሥጋ መሥራት ስለማይችሉ ናይትሮጅናቸው ተነጥሎ በኩስ ይወጣል፣ የቀረው አካላቸው ይቃጠላል ወይም ስብ ይሆናል። ስስ ደረትና ወፍራም ሞራ አንድ ላይ ያዩት ለዚህ ነው። ሁለት በሽታ አይደለም፣ አንድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሟያዎ ቤታይን ሳይሆን ላይሲን ነው። እንዲህ ቢያደርጉት፦ በቆሎ 66፣ ፋጉሎ 14፣ ፉርሽካ 10፣ የተፈጨ አልፋልፋ 6፣ ዘይት ዜሮ፣ ቀሪው 4 ኪሎ እንደነበረ፤ በእሱ ውስጥ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ 250 ግራም ይግባ። ንጹሕ ላይሲኑ 78 በመቶ ስለሆነ 250 ግራሙ ወደ 0.2 በመቶ ይጨምርልዎታል። ጉልበቱ 2,725፣ ፕሮቲኑ 14.3 በመቶ፣ ጉልበቱ ለፕሮቲን ሲካፈል 191፣ ድፍን አሰሩ (ፋይበሩ) 5 በመቶ ይሆናል። ዝይ ይህን አሰር ይችለዋል። ዶሮ ላይ ግን እንዳይሞክሩት።

የሚበሉት መጠን ይጨምራል፣ አይደንግጡ። ጉልበቱ ሲቀንስ በብዛት ያካክሳሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያካክሱም፤ ሞራው የሚቀንሰውም በዚያች ልዩነት ነው።

#3 ሥነ_ሥጋ

በ#2 እስማማለሁ፣ ግን የፍሪዘሩ ሽታ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይታይ። የዝይ ደረት ቀይ ጡንቻ ነው። ብረት ያለው ቀለም በብዛት አለው፣ የሕዋሱ ሽፋንም ባልጠገቡ የስብ አሲዶች የተሞላ ነው። ብረትና ያልጠገበ ስብ ኦክስጅን ሲያገኙ በረዶ ውስጥ ሆነውም ቀስ እያሉ ይበላሻሉ። 5 በመቶ የአኩሪ አተር ዘይት ማብላት እሳቱ ላይ ጭድ መጨመር ነው፤ ወፍ የበላችውን የስብ ዓይነት ሳትለውጥ ወደ ራሷ ስብ ታስገባለች፣ ሞራውም ጣት የሚሰምጥበት ልስልስ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኢ ነው፣ ግን ሞራ አይቀንስም። ሁለቱን አታምታቱ። በኪሎ መኖ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም አልፋ-ቶኮፌሪል አሲቴት፣ ከእርዱ በፊት ባሉት 4 ሳምንታት። አጭር ጊዜ አይበቃም፣ ቫይታሚኑ በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ተሰግስጎ መቀመጥ አለበት። በመጨረሻው 3 ቀን እጥፍ አድርጎ መስጠት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ከእርድ በኋላ ሥጋው ላይ ቢረጩትም ውስጥ አይገባም።

የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ 50 በመቶ ነው። 150 ሚሊግራም ከፈለጉ በኪሎ መኖ 300 ሚሊግራም ዱቄት፣ በ100 ኪሎ 30 ግራም ማለት ነው።

ሴሊኒየም የቫይታሚን ኢ አጋር ነው፣ መርዝነቱ ግን ቅርብ ነው። በኪሎ መኖ 0.2 ሚሊግራም ይበቃል፣ የሚጨመረው ከ0.3 አይለፍ። ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም ሲደርስ መመረዝ ይጀምራል፤ ማለትም ሚዛን ላይ አንድ ዜሮ ከተሳሳታችሁ ገደል ነው። ንጹሕ ሶዲየም ሴሌናይት እጃችሁ እንዳይገባ፤ ለ100 ኪሎ መኖ የሚያስፈልገው 44 ሚሊግራም ስለሆነ በየትኛውም የወጥ ቤት ሚዛን አይመዘንም። በእርሾ የተያዘውና በኪሎ 2,000 ሚሊግራም የያዘው ዓይነት ይሻላል፣ ለ100 ኪሎ 10 ግራም ይገባል። በቅድሚያ ግን ፕሪሚክሳችሁ ውስጥ ስንት ሴሊኒየም እንዳለ መለያው ላይ አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ የሚበቃው አስቀድሞ ገብቷል።

#4 ፈጣን_ክንፍ

ይህ ሁሉ ስሌት ለምን? ካርኒቲን በኪሎ 500 ሚሊግራም አድርጉ፣ በ2 ሳምንት ሞራው ይጠፋል። ካርኒቲን ስብ ያቃጥላል፣ አበቃ።

#5 ጉበት_ተመልካች

ወንድሜ፣ ካርኒቲን እሳት አይደለም፣ ጋሪ ነው። ረጅም ሰንሰለት ያላቸውን የስብ አሲዶች ወደ ሚቶኮንድሪያ (ሕዋሱ ስብ ወደሚያቃጥልበት ክፍል) ያስገባል። ጋሪው አንሶ ከሆነ መጨመሩ ይረዳል። ወፏ ግን ራሷ ከላይሲንና ከሜቲዮኒን (ሌላ አሚኖ አሲድ) ትሠራዋለች፣ ስለዚህ ላይሲን የጎደለበት መኖ ላይ ካርኒቲን መጨመር ዱቄት ለጎደለው ቤት ተጨማሪ ምጣድ መግዛት ነው። ስብ የሚቃጠለው ደግሞ ጉልበት ሲያስፈልግ ነው። 3,230 ኪሎካሎሪ እየበላች ተቀምጣ የምትውል ዝይ ምን ብላ ታቃጥለዋለች? ሙከራዎች ላይ የሚገባው መጠን ከ50 እስከ 150 ሚሊግራም ነው፣ ውጤቱም አንዱ ጋ ሲታይ ሌላው ጋ ይጠፋል። 500 የሚለው ከየት እንደመጣ ሻጩ ይንገረን።

ቤታይን የተሻለ መሠረት አለው። ሜቲል የሚባለውን ኬሚካላዊ ቁራጭ ያቀብላል፣ ሜቲዮኒን ሜቲሉን ሲሰጥ የሚቀረው ሆሞሲስቴይን ተመልሶ ሜቲዮኒን እንዲሆን ያደርጋል። ሜቲዮኒኑ ለዚህ ሥራ ከመባከን ይድንና ለሥጋ ይውላል። በሙቀት ወቅትም ሕዋሱ ውሃ እንዲይዝ ይረዳል። የተለመደው መጠን በኪሎ መኖ ከ0.5 እስከ 1 ግራም ንጹሕ ቤታይን ነው። ሃይድሮክሎራይዱን ከገዛችሁ ንጹሑ 76 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለ1 ግራም 1.3 ግራም አስገቡ። ገደብ ግን አለው፦ ሜቲዮኒንን ይቆጥባል እንጂ በፕሮቲን ውስጥ አይተካውም።

ኮሊንን (ቫይታሚን መሰል ንጥረ ነገር) ማንም አላነሳውም፣ ይገርማል። የዝይ ስብ በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው፣ ከዚያ በደም ተጭኖ ወደ ሞራና ወደ ቆዳ ሥር ይሄዳል። መጫኛው ከኮሊን የሚሠራ ፎስፎሊፒድ (የስብ ዓይነት) ይፈልጋል። ኮሊን ካነሰ ስቡ ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ ጉበቱ ቢጫ ይሆናል፣ በጣት ሲነኩት እንደ ቅቤ ይፈርሳል። ቤታይን በዚህ ቦታ ኮሊንን በቀጥታ አይተካም። የሚፈለገው ከ4 ሳምንት በፊት በኪሎ 1,500፣ ከዚያ በኋላ 1,000 ሚሊግራም ነው። 60 በመቶ ኮሊን ክሎራይድ ሲባል ክሎራይዱም ተቆጥሮ ስለሆነ ንጹሕ ኮሊኑ 45 በመቶ ገደማ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ልብ በሉ፦ ኮሊን ጉበቱን ያራግፋል እንጂ ሆዱን አያራግፍም። የተራገፈው ስብ የሚሄደው ወደ ሞራ ነው። ስለዚህ «ጉበቱ ጠራ» ማለት «ዝይዋ ቀጠነች» ማለት አይደለም።

#6 ነጭ_ላባ

ይህ ሁሉ ግራም በግራም ነው። በ100 ኪሎ ውስጥ 10 ግራም እንዴት እኩል ይዳረሳል?

#7 መኖ_ቀማሚ

በደረጃ ነው፣ በአንድ ጊዜ አይደለም። ለ100 ኪሎ፦ ዱቄቶቹን (ቫይታሚን ኢ፣ የሴሊኒየም እርሾ፣ ቤታይን፣ ላይሲን) በ0.1 ግራም ሚዛን ይመዝኑ። ከ1 ኪሎ ደቃቅ ፉርሽካ ጋር በክዳን ባልዲ ውስጥ ይምቱት። ከዚያ 4 ኪሎ ፉርሽካ ይጨምሩ፣ እንደገና ይምቱ። ከዚያ 20 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ። የቀረው ከዚህ በኋላ ነው የሚገባው። ፉርሽካን የመረጥኩት ሸካራ ገጹ ዱቄቱን ስለሚይዝ ነው፤ በጨው ወይም በኖራ ድንጋይ ብትሞክሩት ክብደቱ ስለሚለያይ እየተንገዋለለ ታች ይሰፍራል።

አግድም መቀላቀያ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቆሞ የሚያዞረው ዓይነት 15። በአካፋ ከሆነ ክምሩን ከቦታ ወደ ቦታ ቢያንስ 4 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያዛውሩ፣ እዚያው ላይ መገለባበጥ አይቆጠርም። ዘይት ካለ ከሁሉም በኋላ፤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቱ እየተጓጎለ ቫይታሚኑ አንድ ቦታ ይቀራል።

ኮሊን ክሎራይድን ከቫይታሚን ፕሪሚክስ ጋር በአንድ ከረጢት አታስቀምጡ። እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ቫይታሚኖቹን ይበላቸዋል፣ ከብረትና ከመዳብ ጨው ጋር ከሆነማ የባሰ ነው። መኖው በሚሠራበት ዕለት ለብቻው ይግባ።

#8 ሐይቅ_ዳር

መቀላቀሉ ተሳክቶ እንደሆነ መፈተሻም አለ። ከክምሩ ከ8 እስከ 10 ቦታ ናሙና አንሡ፣ እኩል መዝናችሁ በእኩል ውሃ በጥብጡ፣ በክሎራይድ መለኪያ ወረቀት ጨዉን ለኩ። በናሙናዎቹ መካከል ያለው የመለያየት መጠን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ለአማካዩ ሲካፈል) ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው።

#9 ፈጣን_ክንፍ

እሺ ካርኒቲኑን ተውኩት። ግን ክሌንቡቴሮል የሚባለው በእርግጥ ስብ ያቀልጣል ይላሉ። ራክቶፓሚንም።

#10 አወያይ

ስለ እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች መጠንና አሰጣጥ በዚህ መድረክ አይጻፍም። የአውሮፓ ኅብረትና ቻይና ለምግብ እንስሳት ማድለቢያነት ከልክለዋቸዋል፣ ሌሎችም ብዙ አሉ። ክሌንቡቴሮል ያለበትን ጉበት ወይም ሥጋ የበላ ሰው ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ወደ ዝዮቹ እንመለስ።

#11 አጃና_ገብስ

ስለ ተልባ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ተልባ ስብ አይቀንስም፣ የስቡን ዓይነት ይለውጣል። ኦሜጋ-3 ይጨምራል፣ ደረቱም ሞራውም ላይ ይታያል። ዋጋውስ? ሞራው ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ለመበላሸት ይበልጥ ይቸኩላል፣ መጠኑ ሲበዛ ሥጋው የዓሣ ቃና ያመጣል። እርስዎ የሚያማርሩት ሽታውን ስለሆነ ተልባ ለእርስዎ የተገላቢጦሽ ነው። የግድ የሚያስገባ ሰው ከ5 በመቶ አይለፍ፣ ቫይታሚን ኢውን 200 ያድርሰው። ጥሬውን አይስጥ፤ ሲያናይድ የሚለቅ ነገር አለው፣ ቫይታሚን ቢ6ንም የሚቃወም አለበት፤ በሙቀት ቢታከም ይሻላል። የዓሣ ዱቄትም በመኖው ካለ ቃናው እንዳይቀር ከእርዱ 3 ሳምንት በፊት ይወገድ።

የሞራውን ጥንካሬና ቃና ለሚፈልግ መንገዱ አጃ ነው። በፖላንድ የኮውዳ ነጭ ዝይ የሚባለው በ17ኛው ሳምንት ይታረዳል፣ የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት ያልተፈጨ አጃ ይበላል። ግን ሳይሸፋፈን ልናገር፦ ያ ማድለቢያ ነው፣ ማቅጠኛ አይደለም። የሚሰጠው ጥሩ ስብ እንጂ ትንሽ ስብ አይደለም። የአጃ ፕሮቲን 11 በመቶ ገደማ ስለሆነ ደረቱ ሳይሞላ ከተጀመረ ደረቱ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ያልተፈጨ እህል ሲሰጥ ደቃቅ ጠጠር ከጎኑ ይቀመጥ፤ ጥርስ የሌለው ወፍ መፍጫው እሱ ነው።

#12 ሥነ_ሥጋ

እዚህ ላይ ዕድሜውም ይታሰብ። የዝይ ደረት ዘግይቶ ነው የሚያድገው፤ እግሩ ቀድሞ ይሞላል፣ ደረቱ ይከተላል፣ ሞራው ደግሞ ከኋላ መጥቶ ሁሉንም ይቀድማል። ቀድማችሁ ብታርዱ ሞራም የለም፣ ደረትም የለም። ሴቷ በእኩል ዕድሜ ከወንዱ ትንሽ ትሆንና ስቧ በአንጻሩ ይበዛል፤ ስለዚህ ወንድና ሴት በአንድ ቀን መታረዳቸው ለሥራ ቢመችም ለሞራው አይመችም።

የላባው ጉዳይም አለ። አዲስ ላባ እየበቀለ ሳለ ብትገቡበት ቆዳው በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላል፣ ሲነቅሉትም ይተለተላል። የክንፉን ሥር ላባ ነቅላችሁ ተመልከቱ፦ ሥሩ ደም ከያዘ ጠብቁ፣ ነጭና ደረቅ ከሆነ ደርሷል።

#13 ነጭ_ላባ

አዲሱን ቅይጥ ከነቤታይኑ ለግማሾቹ፣ ያለቤታይን ለቀሩት ግማሾች መስጠት ታስቧል። ልዩነቱ እንዴት ይለካ?

#14 ጉበት_ተመልካች

አንድ በረት ለዚህ፣ አንድ በረት ለዚያ ካላችሁ የለካችሁት በረቱን ነው፣ ቤታይኑን አይደለም። ቢያንስ 4 በረት ለእያንዳንዱ መኖ፣ በየበረቱ እኩል ወንድና እኩል ሴት፣ በመነሻ ክብደት አመጣጥናችሁ። የሚበሉትን መኖ በየሳምንቱ መዝኑ። ይህ ካልተመዘነ ዝዮቹ የቀጠኑት በቤታይን ይሁን መኖው ስላልጣማቸው ትንሽ በልተው እንደሆነ መለየት አይቻልም። «ማሟያው ስብ ቀነሰ» ከሚባሉት ወሬዎች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ይወድቃሉ።

ከእርዱ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት መኖ አንሡ፣ ውሃ አትከልክሉ። ሞራውን ለመመዘን ሬሳው ቢያንስ 4 ሰዓት ቀዝቅዞ ይሁን፤ ሙቅ ሳለ ሞራው እየፈሰሰ እጅ ላይ ይቀራል። ከጡንቻማው ጨጓራ ዙሪያ እስከ ኩስ መውጫው ያለውን ሁሉ በጣት እየላጣችሁ አውጡ፣ አንጀት ላይ የተጣበቀውን ለብቻ አድርጉ፣ ሁልጊዜም አንድ ሰው ያውጣው። ለሬሳው ክብደት አካፍሉ። ከቆዳ ሥር ያለው ከሆዱ ሞራ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የአንድ ጎን ደረት ቆዳውን ከነስቡ ገፋችሁ መዝኑ፣ አለበለዚያ ትንሹን አይታችሁ ትልቁን ትስታላችሁ። ሁለቱ ቡድኖች በክብደት ከተለያዩ ንጽጽሩን በእኩል ክብደት ያሉት መካከል አድርጉ።

#15 ሥነ_ሥጋ

ለሥጋው ጥራት ላብራቶሪ የሌለው ሰው ሁለት ነገር ይችላል። አንደኛው የሚያንጠባጥበው ውሃ ነው። ከደረቱ ከአንድ ቦታ 30 ግራም ያህል፣ ስብና ሽፋን የሌለው ቁራጭ ቁረጡ። መዝኑ። በክር አንጠልጥላችሁ በተነፋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱን ሳይነካ፣ 4 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት ተዉት። ላዩን ሳትጨምቁ በወረቀት አበስ አድርጋችሁ መዝኑ። የጠፋው ለመነሻው ሲካፈል በመቶኛ ነው።

ሁለተኛው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው፦ ከእርድ በኋላ በ45 ደቂቃና በ24 ሰዓት፣ መርፌ ባለው መለኪያ፣ ሁሌም በደረቱ ወፍራም ክፍል 2 ሴንቲሜትር ጥልቀት። በ24ኛው ሰዓት ከ5.7 እስከ 6.0 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ሥጋው ይገረጣል፣ ውሃ ይጥላል። በጣም ከፍ ካለ ከእርዱ በፊት ደክመው ወይም ደንግጠው ነበር፤ ያንን የትኛውም ማሟያ አያስተካክለውም።

ለፍሪዘሩ ሽታ ግማሹን በአየር አልባ ከረጢት፣ ግማሹን በተራ ከረጢት አድርጋችሁ በ-18 ዲግሪ 2 ወር አቆዩና አብስላችሁ አሽትቱ። ቫይታሚን ኢ የበላው በተራው ከረጢት ካልሸተተ ሠርቷል ማለት ነው።

#16 ሐይቅ_ዳር

በቆሎውን ከረሳችሁት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሻጋታ የነካው በቆሎ አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ይይዛል፣ ዝይና ዳክዬ ደግሞ ከዶሮ በጣም ይበልጥ ይጎዳቸዋል። ጉበት ከታመመ ስቡን መጫን አይችልም፣ ቤታይኑም ኮሊኑም የሚሠሩት እዚያው ጉበት ውስጥ ነው። የተሰባበረና የተነፈሰ በቆሎ አስመርምሩ ወይም አስወግዱ። የዶሮ መኖ የምትሰጡም መለያውን እዩ፤ የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) መከላከያ የተቀላቀለበት ለውሃ ወፎች ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል፣ ኒያሲኑም (ቫይታሚን ቢ3) ለዝይ ጫጩት አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በኪሎ 65 ሚሊግራም ኒያሲን ይፈልጋሉ፣ ካልሆነ እግራቸው ይጎብጣል።

#17 ነጭ_ላባ

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ የተያዘው በ100 ኪሎ ይህ ነው፦ በቆሎ 66፣ ፋጉሎ 14፣ ፉርሽካ 10፣ አልፋልፋ 6፤ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ 250 ግራም፣ ቤታይን ሃይድሮክሎራይድ 130 ግራም (ለግማሾቹ በረቶች ብቻ)፣ ከ9ኛው ሳምንት ጀምሮ 50 በመቶ ቫይታሚን ኢ 30 ግራም፤ ጨው 350 ግራም። ፕሪሚክሱ ሴሊኒየም ስላለው እርሾው ቀርቷል። ካርኒቲንም ተልባም የሉም።

#18 መኖ_ቀማሚ

አንድ ነገር ያስተካክሉ። ላይሲኑም ቤታይኑም ክሎራይድ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ጨዉም ይጨምራል። ክሎራይድ ሲበዛ ውሃ ይጠጣሉ፣ ኩሳቸው ይቀጥናል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል። ጨዉን ወደ 250 ግራም ያውርዱና በቀነሰው 100 ግራም ፈንታ 140 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ያስገቡ፣ ሶዲየሙ እኩል ይሆናል። ቤታይን ለማይበሉትም በረቶች እንዲሁ ያድርጉ፣ አለዚያ በመጨረሻ የምታወዳድሩት ሶዳውን ይሆናል።